የራሷ ያልሆኑ ዘጠኝ ዕቃዎች

ጋሽ ካሳዬ ጠዋት ከሁላችንም ቀድመው ይደርሱ ነበር፤ ግን መግባት አይችሉም። ቁልፍ የላቸውም። ከፊቲያ በቀዩ የባቡር መስመር ይመጡና ብሬዴንግ ወርደው፣ ከኪራይ ሕንፃዎቹ በአንደኛው ምድር ቤት ውስጥ ያለውን የብስክሌት ጥገና ቤት ደወል ይደውላሉ። ኃላፊው ሮላንድ ገብቶ ከሆነ ይከፍትላቸዋል። ካልገባ በሩን ተደግፈው ይጠብቃሉ። እኔ ስደርስ ብዙ ጊዜ እዚያው አገኛቸዋለሁ፤ እጃቸውን በብብታቸው ሥር አድርገው፣ በሩ አጠገብ የታሰሩትን የሰው ብስክሌቶች እያዩ።

«ያቺን አየሃት ኤልያስ?» ይሉኛል ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ። «የኋላ ጎማዋ የሷ አይደለም። ራጂዎቹን እይ። የፊተኛው ዝጓል፣ የኋለኛው ያበራል። አብረው ያረጁ አይደሉም።»

እኔ የማየው ብስክሌት ብቻ ነው። ራጂ የሚሉት የጎማውን ክብ ብረት፣ ቸርኬውን፣ ከመሐሉ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች መሆኑን ያወቅሁትም ከሳቸው ነው።

ቁልፍ የሚሰጠው ለቋሚ ሠራተኛ ነው። ቋሚ ሥራ እዚህ ስዊድን አገር «ፋስት» ይባላል፤ እኛም በአማርኛችን መካከል እንደዚያው እንለዋለን። እኛ ግን ፕራክቲክ ላይ ነበርን። ፕራክቲክ ማለት ሥራ የሌለው ሰው ሥራ እንዲለማመድ የሚላክበት ነው። ስድስት ወር ትሠራለህ፤ ሲያልቅ ኬክ ይቆረስልሃል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጥሃል፣ ደህና ሁን ትባላለህ። ከዚያ ሌላ ፕራክቲክ። ጋሽ ካሳዬ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ኬክ ተቆርሶላቸዋል። ሳህን አጥበዋል፣ ቅጠል ጠርገዋል፣ ያገለገለ ልብስ ለይተዋል፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አጣጥፈዋል፣ የትምህርት ቤት ወንበር ጠግነዋል። በዚያን ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006፣ አምሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ይኼ ስድስተኛው ሲሆን በሚያውቁት ሙያ የመጀመሪያው ነው።

ሙያውን የተማሩት መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ነው። አሠሪያቸው ጋሽ ሣህሉ የሚባሉ ብስክሌት ሠሪ ነበሩ። ጋሽ ሣህሉ የሠራተኞቻቸውን ዓይን በሻሽ ያስሩና ከብረት ክምሩ አንድ ዕቃ አንስተው በሠራተኛው መዳፍ ላይ ያስቀምጣሉ። «የምን ነው?» ዳብሶ መመለስ ነው። ፔዳል ከሆነ የየትኛው ብስክሌት ፔዳል፣ የቀኝ ይሁን የግራ፣ የጣሊያን ይሁን የእንግሊዝ። የተሳሳተ ሰው የዚያን ቀን ምሳውን የሚበላው ሌላው ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። የተጠገነ ብስክሌት ሳይታጠብና ሳይወለወል ለባለቤቱ አይመለስም። ጎማ ለማስለጠፍ ብቻ የመጣ ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ሲረከብ ጎማው ላይ ባለው ጭቃ መከላከያ፣ እነሱ ፓራፋንጎ በሚሉት ላይ ፊቱን ማየት አለበት። ካላየ ጋሽ ሣህሉ ሠራተኛውን ጠርተው፣ «ሰውዬው አምኖ የሰጠህን ዕቃ ንቀህበታል» ይሉታል። ጋሽ ካሳዬ ይህን ሲነግሩኝ ይሥቁ ነበር፤ እጃቸው ግን ጨርቁን አይለቅም።

ብሬዴንግም ይህንኑ ያደርጋሉ። በእጃቸው የገባ ብስክሌት ሁሉ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ የተጫረው በቀለም ተነካክቶ ይወጣል። ሮላንድ በጣም ይወድላቸው ነበር። እንግዳ ሲመጣ እያሳየ፣ «ካሳዬ የሠራው ነው» ይላል። ስለዚህ ኋላ የሆነው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ማንም አንድ ቀን እንኳ «አትወልውሉ» ብሏቸው እንደማያውቅ መናገር አለብኝ።

ስቲግ የሚባለው ሰው የመጣው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው አለ፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ። ይዟት የመጣው ብስክሌት ጥቁር ነች፤ ወይም ጥቁር ነበረች። አቧራዋ ከቅባት ጋር ተጋግሮባታል። አናጺ የነበረው አባቱ በሠላሳዎቹ ዓመታት የገዛት ናት። ሠላሳ ዓመት ወደ ሥራ ሄዶባታል። እሱ ከሞተ በኋላ ለአጎት ተሰጠች፣ አጎት ለጎረቤት ሰጠ፣ ጎረቤቱ ለልጁ። አርባ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ የተሰበረው ሁሉ እየተቀየረ፣ በመጨረሻ ገጠር አንድ ጎተራ ውስጥ ተጥላ ስቲግ አገኛት።

«እንድትነዳ አይደለም የምፈልገው» አለ ስቲግ። እኔ እያስተረጎምኩ ነው። «የትኛው ዕቃ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ የትኛው ኋላ የገባ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የአባቴ እጅ የነካው የትኛው ነው?»

ጋሽ ካሳዬ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑና በሁለት እጃቸው ከመሪው ጀምረው ዳበሷት። ሲጨርሱ፣ «ሦስት ሳምንት ይስጠኝ በለው» አሉኝ።

ስቲግ ከሄደ በኋላ ሮላንድ ሁለታችንን ወደ ቢሮው ጠራን። ስቲግ የአሮጌ ብስክሌት ወዳጆች ማኅበር ውስጥ ትልቅ ሰው ነው አለን። በማኅበሩ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል አባላት አሉ፤ ሁሉም እንዲህ ያለ ብስክሌት አላቸው፣ ሁሉም የሚያውቅላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ስቲግ ከረካ ሌሎቹም ይመጣሉ። እነሱ ከመጡ ለአሮጌ ብስክሌት ራሱን የቻለ ክፍል ይከፈታል፤ አለቆቹም ተስማምተዋል። «ከጥር ጀምሮ አንድ ፋስት ይኖራል» አለ ሮላንድ። «ሌላ ሰው አላሰብኩም።»

አስተረጎምኩላቸው። ጋሽ ካሳዬ በራሳቸው ስዊድንኛ፣ «ቁልፍም?» አሉት።

ሮላንድ ሣቀ። «ቁልፍም።»

ያን ቀን በምሳ ሰዓት ከእኛው ጋር ፕራክቲክ ላይ የነበረው ብዙአየሁ ነገሩን ሰማ። ብዙአየሁ ከብዙ ዓመት በፊት ለትምህርት መጥቶ እዚህ አገር ምህንድስና የተማረ ሰው ነው፤ አሁን ከእኛ ጋር ጎማ ይለጥፋል። ምላሱ ግን አልዛገም።

«ጋሽ ካሳዬ፣ አደራዎን ለማንም እንዳይናገሩ» አለ። «እዚህ አገር ሞት ብቻ ነው ፋስት። እሱም ወረፋ አለው።»

«አንተ መርዶ ነጋሪ! ቁልፉን ስይዝ በደወል ነው የማስገባህ።»

«እደውላለሁ! ቆሜ እደውላለሁ! ብቻ ክረምት ላይ ቶሎ ይክፈቱልኝ።»

ሥራው ሦስት ሳምንት ሙሉ ወሰደ። አጠገባቸው ተቀምጬ የሚሉትን እጽፍ ነበር። ሌሎች ሠራተኞች አሮጌ ዕቃን የሚለዩት መጽሐፍ ከፍተው፣ ሥዕል አይተው ነው። ጋሽ ካሳዬ የሚያነቡት ብስክሌቷን ነበር። ከኋላው ጎማ መሐል ያለውን ሞዞ በጨርቅ ሲጠርጉት ሁለት ቁጥር ብቅ አለ፤ ሰባትና አንድ።

«የተሠራበት ዓመት ነው» አሉ። «ሰባ አንድ። ብስክሌቷ የሠላሳዎቹ ናት ብሏል። ሞዞው የሷ አይደለም። ጻፍ፤ አንድ።»

የፊቱን ቸርኬ የራጂ ቀዳዳ ቆጠሩ፤ ሠላሳ ሁለት። የኋላውን ቆጠሩ፤ ሠላሳ ስድስት። «ሠላሳ ሁለት የእንግሊዝ ነው። ሁለት።» ፔዳሎቹ እኩል ይመስሉኝ ነበር፤ እሳቸው ግን የግራውን በአውራ ጣታቸው አሽከርክረው ድምፁን ሰሙና ኋላ የመጣ ነው አሉ። ሲፈቱት እውነትም ውስጡ ሌላ ነው። ሦስት።

ከሁሉ ያስገረመኝ የቀለሙ ነገር ነው። አንድ ዕቃ ብረቱ ላይ ለብዙ ዓመት ታስሮ ከኖረ ከሥሩ ያለው ቀለም ፀሐይ ሳይነካው ይቀራል። ዕቃው ሲነሳ የራሱን ቅርጽ ትቶ ይሄዳል። ጋሽ ካሳዬ ይህን «ጥላው» ይሉታል። ፋኖሱን ፈቱና ከሥሩ ያለውን አሳዩኝ። ፋኖሱ የታሰረበት ብረት ጠባብ ነው፤ ጥላው ግን ሰፊ ነው።

«አየህ፣ እዚህ ቦታ የኖረው ሌላ ፋኖስ ነው። ሄዷል፤ ጥላው ግን አለ። ይኼኛው በሰው ቤት የገባ እንግዳ ነው።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ዘጠኝ አደረሱት። ከኮርቻው ፊት ያለው ቧንቧ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። መሪውንና ኮርቻውን በሚያያይዘው የላይኛው ቧንቧ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ የወጣበት ቦታ ነበረ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ነው፤ ለኩት። ብረቱ ሙልጭ ያለና ልስልስ ነው፣ ሰው እያሸ ያለሰለሰው ይመስላል።

«ይኼ ጭረት አይደለም» አሉ። «በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነበር፤ ከባድ፣ ማዕዘን ያለው። ሰውዬው ፔዳል በመታ ቁጥር ወዲህ ወዲያ እያለ የፋቀው ነው። አናጺ ነው አላለም? የመሣሪያ ሣጥኑ ነዋ!»

ስቲግ በቀጠሮው መጣ። ጋሽ ካሳዬ ብስክሌቷን እንደነበረች፣ ከነቆሻሻዋ አቁመው፣ ዘጠኙን አንድ በአንድ አሳዩት። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። በመጨረሻ እጁን ያዙና ያቺ የተፋቀችው ቦታ ላይ አስቀመጡለት። እኔ የሣጥኑን ነገር አስተረጎምኩ።

ስቲግ ጣቱን ወዲህ ወዲያ አደረገ። ሣጥኑ አረንጓዴ ነበር አለ። አባቱ ጠዋት ሲወጣ ሣጥኑ ቧንቧውን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ነበር የሚቀሰቅሰው። ረስቶት ነበር። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ጋሽ ካሳዬ፣ ሰው ሲያለቅስ ማየት ነውር ነው ብለው ይመስለኛል፣ ዞር ብለው ካቻቢቴ የሚፈልጉ መሰሉ።

ስቲግ ሲረጋጋ ዘጠኙ ዕቃዎች በትክክለኞቹ እንዲተኩለት ጠየቀ። ከማኅበሩ መጋዘን ያለውን ሁሉ እንደሚያመጣና ጋሽ ካሳዬ እንደሚመርጡለት ተስማሙ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የማኅበሩ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ይዟት ይሄዳል። እጃቸውን ጨብጦ ረጅም ጊዜ አልለቀቀም።

ጋሽ ካሳዬ ቤት የሆነውን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ባዩሽ ናቸው። ወደዚህ አገር ቀድመው የመጡት እሳቸው ናቸው፤ አረጋውያንን በየቤቱ እየዞሩ ይንከባከባሉ፣ ፋስት ናቸው። ያን ምሽት ጋሽ ካሳዬ እራት ላይ ጉዳዩን ሲያወሩ እትዬ ባዩሽ፣ «ስንተኛው ነው ካሳዬ?» አሉ። «የመጋዘኑም ሰውዬ እንዲህ ብሎህ ነበር።»

«የመጋዘኑ ካርቶን ነው። ይኼ ሙያዬ ነው።»

ልጃቸው ሊና አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። «አባባ፣ ቁልፍ ይሰጡሃል?» አለች። ትምህርት ቤት የወላጅ ሥራ የሚሞላበት ቅጽ ላይ የአባቷ ቦታ ሁልጊዜ ባዶ ነው።

«ቁልፍም» አሉ ጋሽ ካሳዬ፣ እንደ ሮላንድ።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያገኟቸው ሰዎች «እንኳን ደስ ያለዎ» አሏቸው። ማን እንደተናገረ እንጃ። ብዙአየሁ አይመስለኝም።

ዕቃዎቹ በኅዳር አጋማሽ ተሟሉ። ጋሽ ካሳዬ ከሦስት ሣጥን ብረት ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው እየዳበሱ ዘጠኙን አወጡ። ዘጠኙም እንደራሷ ሆነው ገቡ። ስቲግ የሚመጣው ሰኞ ነው ተባለ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ነበር። ሮላንድ ስብሰባ ሄዷል። እኔ ጎማ እየለጠፍኩ ቀና ስል ጋሽ ካሳዬ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ ሙቅ ውኃና ሳሙና በባልዲ አቅርበው፣ አጠገባቸው ደግሞ የብርጭቆ ወረቀትና ጥቁር ቀለም ደርድረዋል። ብስክሌቷ በጀርባዋ ተገልብጣለች።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ለመናገር እገደዳለሁ፤ ባልናገር ደስ ባለኝ። ከዚያ በፊት ቬሊንግቢ በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት በጽዳት ሠርቼ ነበር። ምድጃዋ ላይ በጭስ የጠቆረ የመዳብ ማንቆርቆሪያ ነበራት። ደስ ይበላት ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈትጌ እንደ ወርቅ አደረግሁት። አሮጊቷ ስታየው ተቀመጠች። አልተቆጣችም። «የእናቴ ጭስ ነበር» ብቻ አለች። ስለዚህ አውቅ ነበር። ከዚያ ክፍል ውስጥ ያን ቀን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ተነሥቼ ሄድኩ። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «ሮላንድ እስኪመጣ ብንቆይስ?»

«ለምን?»

«እንዲያው… ምናልባት እሱ…»

«ምን ሆነሃል አንተ? ሰኞ ጠዋት ነው የሚመጣው፤ ቀለሙ መድረቅ አለበት። ሳትታጠብ ልስጠው ነው የምትለኝ? ጋሽ ሣህሉ ቢያዩኝ በሰንሰለት ነበር የሚገርፉኝ!» ሣቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባቱ የገዛት ዕለት እንደነበረችው ነው የማደርግለት። ይኼ ሰው አባቱን አልጠገበም» አሉ።

ለጋሽ ካሳዬ የብስክሌት ሥራ መንገር ለቄስ ቅዳሴ እንደማስተማር ሆኖ ታየኝ። እኔ ማን ነኝ? ፔዳል ከፔዳል የማልለይ ሰው። ወደ ጎማዬ ተመለስኩ። ወረቀቱ ብረቱን ሲፍቅ ከጀርባዬ ይሰማኝ ነበር። ቧንቧው ጋ ሲደርሱ ድምፁ ቀጠነ፤ የለሰለሰ ብረት ላይ ቀለም ስለማይዝ መቧጠጥ ያስፈልጋል። ዞር አላልኩም።

የሠሩት ሥራ ቆንጆ አልነበረም ማለት አልችልም። የተቦረቦረውን ሞሉ፣ አለሰለሱ፣ ጥቁሩን ሁለት ጊዜ ቀቡ። ቧንቧው ላይ በአንድ ወቅት ስስ የወርቅ መስመር ነበረ፤ ጠፍቶ ፍንጩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጋሽ ካሳዬ ትንፋሻቸውን ይዘው በቀጭን ብሩሽ ከዳር እስከ ዳር እንደገና አሰመሩት። ብዙአየሁ መጥቶ ጭቃ መከላከያው ላይ ፀጉሩን አበጠረበት። «አሁን ገና ቁልፉን በላህ ጋሽ ካሳዬ!» አለ። አንቱታውን እንኳ ረሳው።

ሰኞ ጋሽ ካሳዬ ኮት ለብሰው መጡ። ከረባት አድርገዋል። ብስክሌቷን ከቤታቸው ባመጡት ነጭ አንሶላ ሸፈኗት። ስቲግ ሲገባ ሮላንድ፣ እኔ፣ ብዙአየሁ ሁላችንም ቆመናል። ሮላንድም ገና አላያትም ነበር፤ አርፍዶ ነው የገባው። ጋሽ ካሳዬ አንሶላውን ገለጡት።

ስዊድኖች ሲቆጡ እንደማይጮኹ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ አውቃለሁ። ስቲግ ቀረበ። ዘጠኙን ዕቃዎች አላየም። እጁን ወደ ላይኛው ቧንቧ ሰድዶ በውስጥ በኩል በጣቱ ፈለገ። አንዴ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ጣቱ የሚይዘው ነገር አላገኘም።

«የት ሄደ?» አለ ቀስ ብሎ።

ጋሽ ካሳዬ ጥያቄው ገብቷቸዋል። ፈገግ እንዳሉ በስዊድንኛቸው፣ «አሁን ደህና ነው» አሉት። «አዲስ።»

ስቲግ አያቸው። ያየበት ዓይን የጥላቻ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻል ነበር። «አመሰግናለሁ» አለ። ብስክሌቷን በእጁ እየገፋ ወጣ፤ ሊቀመጥባት አልሞከረም። አንሶላው መሬት ላይ ቀረ።

ሮላንድ ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። ጥሩ ሰው ነው፤ ይህን ማለት እፈልጋለሁ። «ዘጠኙም ትክክል ነበሩ» አለ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው። አትንኩት አላልኩም። ይነካል ብዬ አላሰብኩማ።»

«ምን ይላል?» አሉኝ ጋሽ ካሳዬ።

«አልወደደውም ይላል።»

«ቀለሙን?»

«መቀባቱን ጋሼ። ያ… የሣጥኑ ቦታ። እንደነበረ ነበር የፈለገው።»

«ያንን ቁስል?» አሉ። ሊሥቁ ሲሉ ተውት። ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ወደተጣለው የብርጭቆ ወረቀት አዩ። ሄደው አነሱትና ዘረጉት። ጥቁር አቧራ ይዟል፤ ሲነቀንቁት ትንሽ ትንሽ እያለ ወረደ።

«እኔው አግኝቼለት» አሉ፣ «እኔው ጠረግሁት።»

ብዙአየሁ ባልዲ አንሥቶ ወጣ። እኔ የማይረባ ነገር ተናገርኩ። «ርዝመቱን እናውቀዋለን ጋሼ፤ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት። እንደገና ቢፍቁትስ?»

ወረቀቱን አጠፉት። ከዚያ፣ «እኔ የፋቅሁት የአባቱ ይሆናል?» አሉ። «የራሷ ያልሆኑ ዘጠኝ ብለን ጽፈናል። ያ አሥረኛው ነው የሚሆነው።»

ከማኅበሩ ሌላ ሰው አልመጣም። ስቲግ ክፉ ተናግሮብን አይመስለኝም፤ ስለ እኛ ምንም ያልተናገረ ነው የሚመስለኝ። ለአሮጌ ብስክሌት የታሰበው ክፍል ለሌላ ጊዜ ተላለፈ ተባለ። በታኅሣሥ መጨረሻ የጋሽ ካሳዬ ፕራክቲክ አለቀ። ስድስተኛው ኬክ አረንጓዴ ነበር፤ ላዩ ላይ ብስክሌት ተስሎበታል። ሮላንድ ቆረሰው። የመጨረሻ ቀናቸው ጠዋትም እንደ ወትሮው ቀድመው መጥተው ደወል ደውለው ነው የገቡት። ያቺን ቀን በሩ አጠገብ የታሰሩትን ብስክሌቶች አላዩም፤ እኔ ስደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል። እንደ ድሮው ያናግሩኛል ብዬ፣ «ያቺ ቀይዋ የፊት ጎማዋ የሷ ነው?» አልኳቸው።

«እንጃ» አሉ።

ለሰባተኛው ወደ አንድ መጋዘን ተላኩ። ካርቶን ነው። እዚያ ያለውን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ዓይንህን ጨፍነህ ልትሠራው ትችላለህ፣ ግን ማንም እንድትጨፍን አይጠይቅህም። ሊና ቅጹ ላይ ምን እንደሞላች አልጠየቅሁም።

እኔም ከጥገና ቤቱ በየካቲት ወጣሁ። በመጋቢት መጨረሻ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃና አሸዋ በሆነበት ሰሞን የብስክሌቴ ሰንሰለት ተበጠሰ። ሌላ ሠሪ ጋ መሄድ እችል ነበር። በእግሬ እየገፋሁ ፊቲያ፣ ጋሽ ካሳዬ ቤት ድረስ ይዣት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለሰንሰለቱ ብቻ አይደለም። ስለ ማንቆርቆሪያው ልነግራቸው ነበር የሄድኩት፤ ያን ዓርብ አውቅ እንደነበር፣ አውቄም ዝም እንዳልኩ። በመንገድ ላይ ቃሉን ሦስት አራት ጊዜ አስተካክዬዋለሁ።

ጋሽ ካሳዬ በሩን ከፈቱ። ትንሽ ከስተዋል። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ እትዬ ባዩሽ ሥራ ላይ ነበሩ። ስለ ጤና፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ብዙአየሁ ተጫወትን። ብዙአየሁ አሁን አውቶቡስ መንዳት እየተማረ ነው አልኳቸው። «ጥሩ ነው» አሉ። «አውቶቡስ ጥሩ ነው።» ቃሉ ከአፌ ሊወጣ ሲል ተነሡና ብስክሌቷን ተቀብለውኝ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። አልተከተልኳቸውም። ልከተላቸው ይገባ ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይዘዋት ወጡ። ጭቃው እንዳለ ነው። የመጋቢት አሸዋ ራጂዎቹ ላይ ደርቋል፣ ጭቃ መከላከያው ላይ የምስማር ውፍረት የሚያህል ተለጥፏል፣ መሪው ላይ የጣቴ አሻራ ሳይቀር ነበር። በዚያ ሁሉ መካከል አዲሱ ሰንሰለት ብቻ ያበራል። ሳያጥቡ የመለሱት ብስክሌት ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ደንግጬ ያየኋት መሰለኝ፤ ምክንያቱም እሳቸው ፊታቸውን ዞር አደረጉ።

«እንደሰጠኸኝ ናት» አሉ። «ከሰንሰለቱ በቀር ምንም አልነካሁም። እስቲ ተመልከታት፤ የጎደለ ነገር ካለ።»

«ኧረ ምንም አልጎደለም ጋሼ» አልኩ።

«ደህና» አሉ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ጨበጡኝና ገቡ። ከውስጥ ሲቆልፉ ሰማሁ።